ዝምተኛው አስፋልት

መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። የመንገድ ድምፅ ስትለካ አሥራ ስምንት ዓመት ስለኖረች ሁሉም በድምፅ መለኪያው አሃድ «ዴሲቤል» ነው የሚላት። በረንዳቸው ላይ ቆማ የምትለካባቸው ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ግን ቃሉን መጀመሪያ የሰሙት ከሾፌሯ አፍ ነበርና «ደስይበል» የሚባል ስም መሰላቸው።

«ለሴት ልጅ ደስይበል? መቼም የዘንድሮ ስም!» ብለው ሳቁ። ስሟ እንዳልሆነ ብታስረዳቸውም አልተመለሱም፤ በዚያው ጸደቀ።

ያን ቀን ሱቃቸው የሄደችው ለፈቃድ ነበር። ከሱቁ ፊት ያለው ስምንት መቶ ሜትር መንገድ አሮጌው አስፋልት ተፍቆ ሊነሳ፣ ለሙከራ አዲስ ዓይነት ሊነጠፍበት ነው። አዲሱ ውስጡ ቀዳዳ የበዛበት፣ እንደ ስፖንጅ ድምፅ የሚውጥ ነው ተብሏል። የእሷ ሥራ ከመነጠፉ በፊት አንዴ፣ ከተነጠፈ በኋላ ደግሞ በየዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው ቦታ ቆማ መለካት ነው። ከመኪኖቹ መስመር መሃል ሰባት ሜትር ተኩል በሜትር ስትለካ ያረፈችው የልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ሆነ።

«ምን አስፈቀደሽ ልጄ» አሉ ልብስ ሰፊው፣ «ድምፁ እንደሆነ ሳያስፈቅድ ነው የሚገባው።»

ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ ተከለች፤ ጥቁር ስፖንጅ የለበሰውን ማይክሮፎን አናቱ ላይ ሰካች። ያለፈውን መኪና ሁሉ፣ ትልቅ ነው ትንሽ፣ ፍጥነቱ ስንት ነው እያለች ስትመዘግብ ዋለች። መንገዱ አሮጌ ነው፤ ተጠጋግኖ ተጠጋግኖ የለማኝ ሱሪ መስሏል። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር መቀሱ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል። የዕለቱ ውጤት ሰባ ስድስት ዴሲቤል ሆነ።

የልብስ ሰፊው ባለቤት ጡረታ የወጡ የሕፃናት አስተማሪ ናቸው። ሱቁና መኖሪያቸው በአንድ ግድግዳ ነው የሚለየው። ራሳቸውን በሻሽ ጠፍረው ወጡና ማይክሮፎኑን ዙሪያውን አዩት።

«ሠላሳ ዓመት ከሕፃናት ጋር ጮኼያለሁ» አሉ። «የልጅ ጩኸት ግን ይደክመዋል፤ ይተኛል። ይሄ አይተኛም።»

ሰዎቹ መጥተው አሮጌውን ፍቀው አነሱ፤ አዲሱን አነጠፉ፤ ዳምጠው ሳምንት ሙሉ ሲመላለስበት ሰነበተ። ከወር በኋላ ተመልሳ ስትለካ ቁጥሩ ስልሳ ዘጠኝ አለ። ደግማ ለካች፤ ስልሳ ዘጠኝ። መኪኖቹ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ሲሳብ የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ እያሰሙ ነው የሚያልፉት። አስተማሪዋ መስኮታቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል፤ ሻሹ ከራሳቸው ወርዷል።

«ሰባት ቁጥር ቀነሰ ማለት እንግዲህ ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ ልብስ ሰፊው።

«ከአምስቱ መኪና አራቱ በሌላ መንገድ የሄዱ ያህል ነው፣ አባባ።»

ልብስ ሰፊው ከማሽናቸው ተነሱና ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። ታናሽ ወንድማቸው ከከተማው ዳር፣ ከመንገድ የራቀች ቤት አለችው። ኑና ግቡባት፣ ሱቁንም እዚያው ትከፍታለህ እያለ ሲወተውታቸው ዓመት ሆኖታል። እሳቸው ደግሞ ደንበኞቻቸው እዚህ ናቸው።

«ይቆያል ወይ ይሄ ነገር? እውነቱን ንገሪኝ።»

ከፕሮጀክቱ ሰነድ ላይ ያነበበችውን ታውቃለች። «አሥር ዓመት ይቆያል» አለች። ሰነዱ «በየጊዜው ከታጠበ» የሚል ሐረግም ነበረው። እሱን አላለችም፤ መታጠቡን አልተጠራጠረችማ። ልብስ ሰፊው በሳምንቱ ለወንድማቸው እምቢ አሉ፤ ወንድምየውም ቤቷን ለሚስቱ ዘመዶች ሰጠ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ይሄን ግን የሰማችው ከዓመት በኋላ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ሰባ አንድ ሆነ። የጎማ ፍርፋሪ፣ አቧራ፣ ከጭነት መኪና የሚንጠባጠብ አሸዋ ቀዳዳዎቹን እየደፈነ ነው። አስተማሪዋ ቁጥሩን ሳትነግራቸው «ተመልሷል አይደል?» አሏት።

«ትንሽ ነው፣ እማማ።»

«እኔ ትንሽ ነው አላልኩም። ተመልሷል ነው ያልኩት።»

ቢሮ ገብታ መንገዱ በውሃ ግፊት እንዲታጠብ ማስታወሻ ጻፈች። አለቃዋ ቀድሞ አብሯት ማይክሮፎን የተሸከመ ሰው ነው፤ ክፉ አይደለም። «ማሽኑ በግዢ ዕቅድ ውስጥ አለ» አላት። በሦስተኛው ዓመት ሰባ ሁለት ተኩል ሲሆን ሁለተኛ ማስታወሻ ጻፈች። ማሽኑ ከዕቅዱ ወጥቶ ነበር። በአራተኛው ዓመት ሰባ አራት ሲሆን ማስታወሻዋን ይዛ ራሷ አለቃዋ ክፍል ገባች።

«ሦስተኛ ጊዜዬ ነው» አለችው።

«አውቃለሁ። የበፊቶቹን ሁለቱንም ወደ ላይ መርቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ላይ ያሉትም ወደ ላይ መሩት።» መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «አንቺ ለኪ ነሽ እህቴ። ለኪና እደሪ።»

ድምፁ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነበር። ከዓመት ዓመት የሚጨምረው አንድ ተኩል፣ ቢበዛ ሁለት ነው፤ ሰፈሩ አላስተዋለም። ልብስ ሰፊው ራሳቸው «ያው ነው፣ ለምደነዋል» ይሉ ነበር። አስተማሪዋ ግን መስኮቱን ዘጉ፤ ከዚያ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀሉ፤ ከዚያ አልጋቸውን ወደ ጓዳ፣ ከማጀቱ ዕቃ መሃል አስገቡ። ደም ግፊታቸው እየጨመረ ሄደ፤ ሐኪሙም «እንቅልፍ ያስፈልግዎታል» አላቸው፤ እንቅልፍ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ይመስል።

በአምስተኛው ዓመት ቁጥሩ ሰባ አምስት ተኩል ሆነ። ያን ዕለት ለኪዋ ማቆሚያውን ስትተክል በረንዳው ላይ ሁለት ሻንጣ ቆሞ አየች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ አስተማሪዋ ወደ ልጃቸው ቤት ሊሄዱ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ሲያውቅ ያልሰሙት ልብስ ሰፊው ነበሩ። ልጅቷ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከባሏና ከአራት ልጆቿ ጋር ነው የምትኖረው። የተገኘችው ቦታ አንዲት አልጋ ብቻ ናት፤ እሷም ከሕፃናቱ ጋር።

«አርባ አንድ ዓመት!» አሉ ልብስ ሰፊው፣ ሜትሩ አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ። «በአርባ አንድ ዓመት ተጣልተን እንኳ ተለያይተን አድረን አናውቅም። መኪና ያጣላን?»

«አላጣላንም እኮ» አሉ አስተማሪዋ። «እኔ መተኛት ነው የፈለግሁት።»

ለኪዋ ሻንጣውን እስከ መኪናው ተሸከመችላቸው። አስተማሪዋ ከመግባታቸው በፊት ክንዷን ያዙ።

«አንቺ አትዘኚ ልጄ። የነገሩሽን ነው የነገርሽን።»

ይሄ ቢወቅሷት ከሚሰማት የባሰ ነበር። ያን ቀን የመዘገበችውን ደግማ ስታየው ሃያ ስድስት መኪና ሳትጽፋቸው አልፈዋል።

ከዚያ ወዲያ ልብስ ሰፊው ደስይበል ብለው አልጠሯትም። አንቺ ይሏታል፤ በትህትና ወንበር ያወጡላታል፤ ወደ ማሽናቸው ይመለሳሉ። ቁጥሩንም መጠየቅ ተዉ።

በስድስተኛው ዓመት መንገዱ መሸርሸር ጀመረና ጥገና ታዘዘለት። እሷ ደስ አላት፤ በመጨረሻ መልሰው ሊያነጥፉት ነው ብላ። የመጡት ሠራተኞች ግን ሬንጅ ረጭተው ጠጠር በተኑበት፤ ዳምጠው ሁለት ቀን ደመደመውና ሄደ። ከሁሉም የሚቀለው፣ ከሁሉም የሚፈጥነው፣ ለጆሮም ከሁሉም የሚከፋው እሱ ነው። ማይክሮፎኑን ስትከፍተው ሰባ ዘጠኝ አለ። አሮጌው ድሪቶ መንገድ እንኳ ይሄን አልደረሰም ነበር። ጠጠሩ ከጎማ እየተስፈነጠረ የሱቁን መስታወት ይመታል፤ ልብስ ሰፊው ጥጥ በጆሯቸው ወትፈው ይሰፋሉ።

አስተማሪዋ አዲስ መንገድ ተሠራ ሲባል ሰምተው፣ ሻንጣቸውን ይዘው መጥተው ነበር። ሁለት ቀን ቆዩ። በሦስተኛው ቀን ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው።

የሙከራው ማጠቃለያ ሪፖርት ሲዘጋጅ ለኪዋ የስድስቱንም ዓመት ቁጥር በሰንጠረዥ አስገባች። ተጠርዞ ሲመጣ ሰንጠረዡ አባሪ ሆኖ የመጨረሻው ገጽ ላይ ተለጥፏል። ፊት ገጹ ላይ ያለው «የሰባት ዴሲቤል ቅናሽ ተመዝግቧል» የሚል ነው። ውሸት አይደለም፤ ተመዝግቧል። የለኪ ፊርማ የሚል ባዶ ቦታ ነበረው። ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ሳምንት አቆየችው።

«ባትፈርሚም ይሄዳል» አላት አለቃዋ። «የሚቀረው የስድስቱ ዓመት ቁጥር ያለበት አባሪሽ ነው። ብትፈርሚ ግን ከነአባሪው ይሄዳል።»

«ማን ያነበዋል?»

እስክሪብቶ አቀበላት። ፈረመች።

የመለኪያ ጣቢያውም በዚያው ተዘጋ። እዚያ የሚያደርሳት ሥራ አልነበራትም፤ ቢሆንም አንድ ከሰዓት በኋላ መሣሪያ ሳትይዝ፣ በአውቶቡስ ሄደች። ምን ልትል እንደሄደች ለራሷም ግልጽ አልነበረም። ልብስ ሰፊው ጥጡን ከአንድ ጆሯቸው አውጥተው ወንበር ሰጧት።

«እማማ ደህና ናቸው?»

«ምን?»

«እማማ!» ብላ ጮኸች።

«ደህና ናት። ትተኛለች አሉ።» የጭነት መኪና እስኪያልፍ ጠበቁ። «ስልክ እዚህ ሆኜ አይሆንም፤ አትሰማኝም። ከእንጨት መጋዘኑ ጀርባ እየሄድኩ ነበር የማናግራት። መጀመሪያ በየቀኑ ሄድኩ። አሁን ጉልበቴም…»

ሌላ መኪና አለፈ፤ የቀረውን አልሰማችም። ይድገሙልኝ ልትል አፏን ከፍታ ነበር። እሳቸው ግን ጥጡን መልሰው ወትፈው፣ መርፌው ላይ ክር ሊያስገቡ አጎንብሰዋል። ሁለት ጊዜ ሳተባቸው። ክሩን ከእጃቸው ወስዳ አስገባችላቸው፤ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው አመሰገኗት። ጥቂት ተቀመጠች። ከዚያ አውቶቡስ መጣ፤ ተነሳች።