የአደራው እንስሳና ኃይለኛው ፊልተር

ስደተኛ ሁሉ ታሪኩን «በሌሊት ወጣሁ» ብሎ ይጀምራል፤ እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ሰበብ ከሰበታ እስከ ቡራዩ፣ ከዚያም እስከ ሱሉልታ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ፣ የሰፈሬን ጎረምሶች እየለቀሙ ሲያስሩ አባቴ «ተራህ ሳይደርስ ሂድ» አለኝ። ባጃጅ ስላልነበረ ከፉሪ እስከ ዓለም ገና በእግሬ ወረድኩ። በረሃውንና ባሕሩን አልተርክላችሁም፤ ያለፋችሁበት ታውቁታላችሁ፣ ያላለፋችሁበት ደግሞ አትሞክሩት።

ጀርመን ደርሼ ስደተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ስቀርብ ሴትዮዋ «ሰበታ ረብሻ እንደነበረ በምን አወቅህ?» አለችኝ።

«እዚያው ነበርኩ።»

«ከዚያ ሌላ ማስረጃስ?»

የመኖሪያ ፈቃዱን አግኝቼ ቤት ፍለጋ ስንከራተት ፍራው ኢንግሪድ የሚባሉ አሮጊት ክፍል አከራዩኝ። ውላቸው አጭር ነበር፦ «እኔ በሌለሁበት እንስሳዬን ትጠብቃለህ፣ ከሞተ ትወጣለህ።» ሲናገሩ ፈገግ እንኳ አላሉም።

እንስሳው አክሶሎትል ይባላል። በመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚኖር፣ ነጭ፣ እግር ያለው፣ ከአንገቱ ግራና ቀኝ ላባ የመሰለ ነገር የበቀለበት ፍጡር ነው። እኔ «ማሞቂያው ከፍ ይበልልኝ» ስላቸው «ሹራብ ልበስ» የሚሉኝ ሴትዮ፣ የእሱ ውሃ እንዳይሞቅበት ቴርሞሜትር ሰቅለውለታል። ውሃው መቀዝቀዝ አለበት አሉ፤ እኔ እንደገባኝ እንደ ሱሉልታ ጠዋት። ሱሉልታን አውቃታለሁ፤ እዚያ ለበረደው ማንም ቴርሞሜትር አልሰቀለም።

ጉልበታቸውን ሊታከሙ ሆስፒታል በገቡ ማግስት የገንዳው ማጣሪያ፣ ፊልተሩ፣ ቆመ። ደወልኩላቸው። «ተስማሚውን ግዛ» ብለው ዘጉት።

እንግዲህ አደራ ነው። እኛ አገር አደራ የያዘ ሰው ከሁሉ የበለጠውን ይገዛል እንጂ መካከለኛውን አይገዛም፤ ለሰው ነገር ሰሰተ መባል አለ። በዚያ ላይ ሰበታ ውስጥ ከፋብሪካ ሥር የተኛ ውሃ እንዴት እንደሚሸት ስለማውቅ፣ ለእኔ ንጹሕ ውሃ ማለት እየተንደረደረ የሚሄድ ነው።

ሱቁ ገብቼ ፊልተር እፈልጋለሁ አልኩ። ሻጩ «ገንዳው ስንት ሊትር ነው?» አለኝ።

«ሙሉ ነው።»

«ዓሣው ምን ዓይነት ነው?»

«ዓሣ አይደለም፤ እግር አለው።»

ኮምፒውተሩን ትቶ እኔን ያየኝ ጀመር። ከመደርደሪያው ኃይለኛውን አውርድልኝ አልኩት።

ስሰካው ገንዳው የጉደር ፏፏቴን መሰለ። እንስሳው እየተገፋ ጥግ ላይ ተለጠፈ፣ ላባዎቹ ወደ ፊት ታጠፉ፣ መብላትም ተወ። ፈራሁ። ለእሱ አዝኜ እንዳይመስላችሁ፣ ክፍሌን ነው። ቆይ፣ ትንሽ ለእሱም አዝኛለሁ፤ የቆመበት መሬት ሲከዳው ዓይኑን እንኳ የሚከድንበት ቆብ የለውም።

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ሠራተኞቹ ተሰብስበው የት መደበቅ ይወዳል፣ ምን ያስጨንቀዋል፣ ከመቼ ጀምሮ አልበላም እያሉ መረመሩኝ። እኔ ራሴ ስመጣ እንዲህ ከአንጀቱ የጠየቀኝ አልነበረም። ወራጅ ውሃ አይስማማውም ብለው በስፖንጅ የሚሠራ ፊልተር ሰጡኝ፤ አየር እየነፋ ውሃውን ቀስ አድርጎ የሚያጣራ ነው። ይኸው አሁን ትል ሲሰጡት ከእጅ ይነጥቃል።

ደስ ብሎኝ አባቴ ጋ ደወልኩ።

«አካም፣ ፈያ ዳ?» ብሎ ደህንነቴን ጠየቀኝ።

«ፈያ፣ አባ።» ሁሉንም ነገርኩት። እየሳቀ እናቴን ጠርቶ እሷም እንድትሰማ እንደገና አስነገረኝ።

«እና አሁን አያስወጡህም?»

«አያስወጡኝም።»

«ጋሪ፣ ጥሩ ነው! አንዳችን እንኳ ቤት ኖረን።»

«እንዴት አንዳችን?»

«ትናንት የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ቤታችንን ለክተው፣ ይፈርሳል ብለው በራችን ላይ ቀይ ቀለም ቀብተው ሄዱ» አለ። እናቴ ከኋላ ገና እየሳቀች ነበር። «ቆይማ፣ እናትህ እግሩ ስንት ነው ትላለች።»

«አራት ነው» አልኩት።