ባዶ ነው የተባለው ሕንፃ

የምሠራው ጀርመን አገር፣ ፍሉግሃፈን በሚሉት አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ የአየር ጭነት በሚያመላልስ ድርጅት ውስጥ ነው። ሙያዬ የግንባታ ምህንድስና ነው። ድርጅቱ አዲስ ዋና ሕንፃ ሊሠራ ሲነሳ የኢንቨስትመንት ቦርዱ አንድ ነገር አጥብቆ ያዘ። ሕንፃው ለሁሉም ዓይነት ሰው እንደሚሆን በየምዕራፉ ካልታየ፣ ለቀጣዩ ምዕራፍ ገንዘብ አይለቀቅም አለ። ዓይኑ ለማያይ፣ ጆሮው ለከበደ፣ በሮልሽቱል፣ በተሽከርካሪ ወንበር ማለት ነው፣ ለሚሄድ፣ ጀርመንኛ ገና ላልገባው፣ ለሚጸልይ፣ ለምታጠባ። ይህን የሚከታተል ሰው ሲፈለግ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ቢሮዋ ጠራችኝ።

«አንቺ ትሻያለሽ» አለችኝ።

ለምን እንደምሻል አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። በመሐንዲሶቹ መካከል ጥቁር እኔ ብቻ ነበርኩ። ቢሆንም ሥራውን ወደድኩት። ስለ በር ስፋት፣ ስለ ደረጃ ጠርዝ ቀለም፣ ስለ ጸሎት ክፍል ስከራከር ሁለት ዓመት አለፈ።

ሕንፃውን ከሚሞክሩልኝ ሠራተኞች አንዱ ኤርትራዊ አዛውንት ነበሩ። በጉልበታቸው ዘመን ሻንጣ ጫኝ ነበሩ። ጀርባቸው ተጎድቶ እግራቸው ከከዳቸው በኋላ ሮልሽቱል ላይ ተቀምጠው የጉምሩክ ክፍል ገቡ። አስመራ በአማርኛ ስለተማሩ አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል፤ የእኔው እዚሁ ጀርመን፣ ቦርንሃይም ሰፈር ያደገ አማርኛ ነው። «ጓለይ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው በትግርኛ።

የእሳት አደጋ ልምምድ የተደረገው ኅዳር ላይ፣ ሠራተኛው ጠቅልሎ ከመግባቱ በፊት ነው። እሳት ሲነሳ ሊፍት ይቆማል። ደረጃ መውረድ የማይችል ሰው ጭስና እሳት በማይደፍሩት ክፍል ውስጥ ሆኖ የሚያወርዱትን ሰዎች ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ክፍል በየፎቁ አሠርተናል። የዚያን ቀን አራተኛ ፎቅ ላይ አዛውንቱ ሊጠብቁ፣ እኔ አብሬያቸው ልቆይ ተመደብን።

ደወሉ ጮኸ። ለቲያትር የሚያገለግለው ጭስ ኮሪደሩን ሞላው። ባልደረቦቻችን እየሳቁ በአጠገባችን ወደ ደረጃው አለፉ፤ አንዱ የአዛውንቱን ትከሻ መታ መታ አድርጎ «ቢስ ግላይች» አላቸው፣ ወዲያው እንገናኝ ማለቱ ነው። እኛ ወደ ክፍሉ ገባን፤ በሩ በራሱ ተዘጋ። በሩ ወፍራም ስለሆነ የደወሉ ድምፅ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ አለ።

ግድግዳው ላይ ያለውን የእርዳታ መጥሪያ ስልክ ቁልፍ ተጫንኩ። «ጥሪዎ ደርሶናል፤ እባክዎ ይጠብቁ» አለ የተቀዳ ድምፅ። ጠበቅን። ጥቂት ቆይቶ መብራቱ ጠፋ። እጄን ሳነሳ በራ። እንደገና ሲጠፋ እሳቸው እጃቸውን አነሱ፤ አልበራም። ደጋግመው አነሱ። መብራቱ እንቅስቃሴ የሚፈልገው የቆመ ሰው ከፍታ ላይ ነበር።

«እኔን አያየኝም» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ።

በመስኮቱ መኪና ማቆሚያው ይታያል። ሰዎቻችን ተሰልፈዋል፤ ኃላፊዋ በጣቷ እየጠቆመች ትቆጥራለች። ጨረሰችና ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ወዲያው ከጣሪያው ድምፅ ማጉያ ለስለስ ያለ የሴት ድምፅ መጣ፦ «ሕንፃው ባዶ ነው። ልምምዱ ተጠናቋል። እናመሰግናለን።»

ታች ያሉት ሲያጨበጭቡ አየናቸው። ድምፁ አይሰማም።

«እኛንም ቆጥራናለች እኮ» አልኩ።

«እኛ እዚህ ነን። ማንን ነው የቆጠረችው?»

መስታወቱን በቡጢ መታሁ፤ ሁለት እጄን አወዛወዝኩ። በየቀኑ አብራኝ ምሳ የምትበላ ባልደረባዬ ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እጄን ባወዛውዝም ፊቷ ላይ ምንም አልተለወጠም። ሻርፗን አስተካክላ ወደ ጎን ዞረች።  ለቀብሬ የመጣ ሕዝብ ከላይ ሆኜ የማይ መሰለኝ። ሞባይሌን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም።

«ሂጂ ጓለይ» አሉኝ። «አንቺ እግር አለሽ።»

«ብቻዎን ትቼዎት?»

«ሂጂ አልኩሽ።»

ወጣሁ። ከኋላዬ መብራቱ ሲጠፋ በበሩ ትንሽ መስታወት አየሁ፤ እሳቸው ጥላ ብቻ ሆነው ቀሩ። ደረጃው ላይ ጭሱ አልለቀቀም። ስወርድ አንድ ፎቅ ከላዬ ሌላ ሰው የሚወርድ ይመስል ኮቴ ይሰማኛል። ስቆም ይቆማል። የራሴ ማሚቶ መሆኑን የግንባታ ሰው ስለሆንኩ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የመጨረሻውን ፎቅ በሩጫ ነው የወረድኩት።

ሰዎቹ መሐል ስገባ ማንም አልደነገጠም። ከየት መጣሽ ያለኝ የለም።

«ጥሩ ሄደ፣ አይደል?» አለችኝ ኃላፊዋ።

«እሳቸው ላይ ናቸው።»

«ማን?»

ነገርኳት። «ቆጥሬያለሁኮ፣ ቁጥሩ ሙሉ ነው» አለችና አንድ በአንድ ታይ ጀመር። ከሰልፉ ጫፍ የእኛኑ ዓይነት ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሁለት መስታወት ገጣሚዎች ቆመው ዳቦ ይበላሉ። ደወሉን ሰምተው ሥራቸውን ትተው የወጡ ናቸው። ሰው የቆመበት ቆሙ፤ በእኛ ቦታ ተቆጠሩ።

ቀና ብዬ አራተኛውን ፎቅ አየሁ። ፀሐይ እንዲመልስ የተቀባው መስታወት ደመናና ሊያርፍ የሚወርድ አውሮፕላን ብቻ ያሳያል። እያዩኝ እንደሆነ አውቄ እጄን አወዛወዝኩላቸው።

ከኃላፊዋ ጋር ሮጠን ስንደርስ ከነበሩበት አልተንቀሳቀሱም። እኔ ስገባ መብራቱ በራ።

«አየሁሽ» አሉኝ በአማርኛ። «እጅሽን ታወዛውዢ ነበር። ግን ለሌላ መስኮት ነበር።»

ኃላፊዋ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ፤ ተረጎምኩላት። ወደ መስኮቱ ሄዳ ታች ያሉትን ሰዎች ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ወለሉ ላይ፣ ከሮልሽቱላቸው አጠገብ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ መብራቱ በሦስታችንም ላይ ጠፋ። እጁን ያነሳ አልነበረም።

ማታ በኤስባን ባቡር አብረን ስንመለስ አዛውንቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር አጫወቱኝ።

«አንቺ ከወጣሽ በኋላ የግድግዳው ስልክ ተናገረ።»

«ምን አለ?»

«‹ሰው አለ ወይ?› አለች አንዲት ሴት፣ በጀርመንኛ። አለሁ አልኩ። ደግማ ጠየቀች። አለሁ አልኩ። በትግርኛም በአማርኛም አልኩ። ከዚያ ዘጋችው።»

በማግስቱ የስልኩን ሠራተኞች ጠየቅኋቸው። መስመሩ ከጥበቃ ክፍሉ ጋር ገና አልተገናኘም፣ ከተቀዳው ድምፅ በቀር የሚናገርበት ሰው የለም አሉኝ። ለአዛውንቱ ግን አልነገርኳቸውም። ምናልባት ከፍርሃት የተነሳ የሰሙ መስሏቸው ይሆናል፤ ምናልባት ሠራተኞቹ ተሳስተው ይሆናል። እስካሁን አላውቅም።

ቦርዱ ፊት የሆነውን ሁሉ ያስረዳችው ኃላፊዋ ራሷ ናት። የቀጣዩ ምዕራፍ ገንዘብ ተያዘ። አንዳንዱ ለአንድ ሰው ተብሎ ሕንፃ ይዘገያል ወይ ብሎ አጉረመረመ። እሷ ግን ወደኋላ አላለችም። የክፍሎቹ መስታወት ከውጭ ወደ ውስጥ በሚያሳይ ተቀየረ፤ መብራቱ ዝቅ ያለውንም እንዲያይ ሆነ፤ ስልኩን ሰው እንዲያነሳ፣ ከየክፍሉ መልስ ሳይመጣ ባዶ ነው እንዳይባል ተደረገ። የብርዱ ወራት በዚህ አለቀ።

ለሁለተኛው ልምምድ አዛውንቱን ለመጠየቅ ጊንሃይም ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። ጡረታ ሊወጡ ትንሽ ቀርቷቸዋል።

«የሠራችሁት ጥሩ ነው» አሉኝ። «እኔ ግን እዚያ ክፍል አልገባም፤ አታስገድጂኝ።»

አላስገደድኳቸውም። በእሳቸው ፈንታ እግሯ የማይሄድላት ወጣት የሒሳብ ሠራተኛና ኃላፊዋ ገቡ። በዚህ ጊዜ እኔ መኪና ማቆሚያው ላይ ነበርኩ፤ የሁለቱም ፊት ከታች ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ስልኩ ወዲያው ተነሳላቸው፤ ሰዎች ወጥተው አወረዷቸው።

ሕንፃው በፀደይ ሲመረቅ አዛውንቱ በክብር ተጠርተው ከልጃቸው ጋር መጡ። ምድር ቤቱን እየዞሩ አዩ፤ ኬክ በሉ፤ ኃላፊዋ እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ አመሰገነቻቸው። ልጃቸው ላዩንም እንየው ብላ ወደ ሊፍቱ ስትገፋቸው፣ ማንም ሳይጫነው በሩ ተከፈተ። ውስጡ ባዶ ነበር። አዛውንቱ የወንበራቸውን ጎማ በእጃቸው ያዙና ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ።

«በቃኝ፣ ፀሐይ ላይ አውጪኝ» አሏት።

እኔም ተከትዬ ወጣሁ።