የቅዳሜው ኮርስ ዕጣ

ቡሬ ላይ የበቆሎ ኩንታል ስጭን የሚያክለኝ አልነበረም። ሌላው ለሁለት የሚያነሳውን እኔ ብቻዬን፣ ያውም እያፏጨሁ። ትምህርቱንም ስድስተኛ ክፍል ላይ የተውኩት ከብዶኝ አይደለም፤ እኔ ነኝ የከበድኩት። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የአንድ ዲፓርትመንት ተላላኪ ሆንኩ። ዘመኑ የአንድ ለአምስትና የግምገማ ነበር፤ ወረቀት ካልተፈረመ የሚሆን ነገር የለም።

መምህራኑ ሴሚስተር በገባ ቁጥር የሚጣሉበት ነገር ሎድ ይባላል። እኔ ሎድ የማውቀው መኪና ላይ ነው። አንዱ "አስራ አምስት ክሬዲት ጫኑብኝ፣ ወገቤ ተቆረጠ" ሲል ሰምቼ "ጌታው፣ ስንት ኪሎ ይሆናል?" አልኩት። አንድ ክሬዲት ማለት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል ገብቶ ማውራት ነው አለኝ። ኧረ እመቤቴን! እኔ በነጻ የማወራውን!

የዲፓርትመንቱ ሃላፊ ግን ደግ ሰው ነበር። ሚስቱ ባሕር ዳር እናቷ ቤት ሆና መውለጃዋ ደርሷል፤ ሄዶ የሚያያት ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። "የመጀመሪያ ልጄ ነው፤ ስትወልድ አጠገቧ ካልሆንኩ ምኑን አባት ሆንኩት?" ይለኛል። ያን ሰሞን ከፍኖተ ሰላም እየተመላለሱ ለሚማሩ ሰራተኞች የቅዳሜ ኮርስ ተከፈተ። የሚያስተምር ከጠፋ የሚወድቀው እሱው ላይ ነው።

የምደባውን ደብዳቤ ይዤ አምስቱም መምህራን ዘንድ ዞርኩ። አንዱ ገና ሲያየኝ ሽንት ቤት ይገባል። አንዷ "ቅዳሜ ለኔ ሰንበት ነው" ትለኛለች፤ ቅዳሜ ገበያ ስትከራከር እንዳላየኋት! በዕድሜ ትልቁ መነጽራቸውን ሰቅለው አነበቡና "ልጄ፣ ይሄ ቁጥር የለውም" ብለው መለሱት። ቁጥር አስጽፌ ስመጣ "ቀን የለውም።" ቀን ሲጻፍበት "አሁንማ ቀኑ አልፏል።" ሶስት ቀን ተመላልሼ አንድ ፊርማ የለ። መቶ ኩንታል ብጭን ይሻለኝ ነበር።

ሃላፊውን "ዕጣ ያስጥሏቸው" አልኩት። "እኛ ጫኞች ሰው የሚሸሸው ጭነት ሲመጣ ሁሉም የራሱን ምልክት ቆብ ውስጥ ይጥላል፤ ያላየ ሰው ያወጣል። በዕጣ ማን ያኮርፋል?"

ተስማሙ። በኔው ቆብ አንዱ የእስኪርቢቶ ክዳን፣ አንዷ የጸጉር መያዣ፣ ትልቁ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ሁሉም የየራሱን ጣለ። እንድታወጣ ደጅ የምትጠርገዋን ሴትዮ ጠራናት። እሷ እስክትገባ እጄን በላኝ፤ እኔ ደግሞ ካልቀለድኩ አልበላም። ማንም ሳያየኝ ከኪሴ አንዲት የበቆሎ ፍሬ ጨመርኩ።

ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፍና አወጣች። በቆሎ!

"የማን ናት?"

"የኔ ናት! አስተምራለሁ፣ ለወሬ ማን ብሎኝ!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ትልቁ እንባቸውን እየጠረጉ "ዕጣ የእግዜር ነው፤ መምህር አገኘን!" ብለው ቁልፋቸውን አንስተው ተነሱ። ሌሎቹም ተከተሉ።

"ኧረ ቆዩ፣ እንደገና ይውጣ!" አለ ሃላፊው።

"ዕጣ ሁለቴ አይጣልም፣ ነውር ነው" አሉት ከበሩ።

እኔ፣ ሴትዮዋና እሱ ቀረን። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ደብዳቤው ላይ የራሱን ስም ጽፎ ፈረመ።

በሶስተኛው ቅዳሜ እሱ ሲያስተምር ስልኩን እኔ ይዤለት ደጅ ቁጭ ብያለሁ። ጠራ። አማቱ ናቸው፤ ከኋላቸው ሕጻን ያለቅሳል። ሮጬ ክፍሉን በረገድኩት።

"ወንድ ነው! ሁለቱም ደህና ናቸው!"

ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። እሱ ጠመኔውን እንደያዘ ወደኔ መጣና ቀስ ብሎ "ሲያለቅስ ሰማኸው?" አለኝ።

"ሰማሁት።"

"እንዴት ነው ድምጹ?"

እኔ ወሬኛው ስልኩን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

ሰኞ ጠዋት አምስቱም መምህራን "እንኳን ማርያም ማረችልህ" ሊሉት ቢሮው በር ላይ ተሰለፉ። ያን ቀን ሽንት ቤት የገባ የለም።