ካልሲ ደርቢ

በቀለች ወዳጄን የማያውቃት ሰው መጀመሪያ የሚተዋወቀው ከደወሏ ጋር ነው። በተሽከርካሪ ወንበሯ ክንድ ላይ የብስክሌት ደወል አሳስራለች። የዙሪክ ሰው ስልኩ ላይ አጎንብሶ መንገድ ሲዘጋባት አንዴ ታቃጭልበታለች። ሰውየው ብስክሌት መስሎት ዘሎ ጥግ ይይዛል፤ ዞር ሲል እሷን ያይና ይደነግጣል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ከዚያም ሳትጠይቀው ከኋላዋ መጥቶ ሊገፋት ይሞክራል። ጠቡ እዚህ ላይ ይጀመራል። «እኔ ጋሪ ነኝ?» ትለዋለች በጀርመንኛ፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ። አጠገቧ ካለሁ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል።

እኔ ሕብስት እባላለሁ። ጄኔቭ፣ ግራንድ ሳኮኔ በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ ዲፕሎማት ቤት ምግብ አብሳይ ነኝ። ከበቀለች ጋር የተዋወቅነው እሷም እንደኔ የሰው ቤት ስትሠራ ነው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ትንሽ ቆይቶ አሠሪዎቿ ከአዲስ አበባ ይዘዋት መጡና አጥር ለአጥር ጎረቤት ሆንን። ያን ጊዜ በእግሯ ትሄድ ነበር። መሄድ ብቻም አይደለም፣ ትሮጣለች። አውቶቡስ ሊያመልጣት ሲል በሁለት እጇ ድንችና ሽንኩርት አንጠልጥላ ስትበር፣ ሹፌሩ በመስታወቱ እያያት እየሳቀ ይቆምላት ነበር።

አንድ ጊዜ በበረዶው ወራት ትኩሳት ያዛት። ጉንፋን ነው ብለን ዝንጅብል አጠጣናት። በነጋታው ከአልጋዋ ልትነሳ ስትል እግሮቿ እምቢ አሏት። ሐኪሞቹ በሽታው አከርካሪዋ ውስጥ ያለውን ነርቭ ጎድቶታል፣ ላይመለስ ይችላል አሉ። አልተመለሰም። አሠሪዎቿ ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ፤ አበባ ይዘው ሆስፒታል መጡና ተሰናበቷት። የመኖሪያ ፈቃዷም በእነሱ ስም የተሰጠ ስለነበር አብሯቸው ሄደ። እኔ ያን ጊዜ እንደተናደድኩት ተናድጄ አላውቅም። አሁንም ሽንኩርት ስከትፍ ትዝ ካለኝ ቢላዋው ይፈጥናል።

ያዳናት ማኅበሩ ነው። ዙሪክ ውስጥ ያለ ትንሽ የአካል ጉዳተኞች መብት ማኅበር ነው፤ ሠራተኞቹ ግማሾቹ ራሳቸው አካል ጉዳተኞች ናቸው። ጠበቃ አቁሞ ተከራክሮ የመኖሪያ ፈቃድ አስገኘላት። አፎልተርን በሚባለው የዙሪክ ሰፈር ሊፍት ያለው ቤት ፈለገላት፣ ጀርመንኛ አስተማራት፣ በመጨረሻም «በይ አሁን አንቺ ለሌሎቹ ንገሪ» ብሎ ቀጠራት። ከዚያ ወዲህ አፏ አርፎ አያውቅም።

ሥራዋ ከኛ አገርና ከጎረቤቶቻችን የመጡ፣ አካል ጉዳተኛ በቤታቸው ያለ ቤተሰቦችን እየዞሩ መጠየቅ ነው። ትምህርት ቤት «አንቀበልም» ሲል አብራ ሄዳ ትከራከራለች። «ኢፋው» የሚሉት የመንግሥት የአካል ጉዳት መድን ወንበር ወይም ረዳት ሲከለክል ከጠበቃዋ ጋር ሆና ይግባኝ ትላለች። ሰው ቤት ስትገባ ደግሞ የራሷ አመል አላት። ከሰላምታ ቀጥሎ «ሽንት ቤታችሁን አሳዩኝ» ነው የምትለው። ባለቤቶቹ መንገድ ላይ አጣድፏት ይመስላቸዋል። እሷ ግን የበሩን ስፋት በዓይኗ ትለካለች፣ መያዣ ብረት መኖሩን ታያለች፣ ከዚያ ዞራ «ልጁ ራሱ ይገባል ወይስ ተሸክማችሁ ነው?» ትላለች። ሰው ሳሎን ተቀምጦ ስለ ልጁ ደህና ደህናውን ብቻ እንደሚያወራ ታውቃለች። ሽንት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ነው እናቶቹ ወገባቸውን ይዘው እውነቱን የሚያወጡት።

«ምስኪን» የሚለውን ቃል አጠገቧ መናገር አይቻልም። አንዴ አፌ ስቶኝ ስለ አንድ ሰው ብያት ግማሽ ቀን አኮረፈችኝ።

ከፈለን ያገኘችው በዚህ ሥራ ነው። ከፈለ ዙሪክ አጠገብ ባለችው ከተማ፣ ቪንተርቱር የሚኖር፣ በማታ ፈረቃ ጽዳት የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው። ሔቨን የምትባል ስምንት ዓመት የሞላት ልጅ አለችው፤ ስትወለድ አየር አጥሯት አትራመድም፣ ስትናገርም ቀስ ብላ ነው። በቀለች እንደ ልማዷ ሽንት ቤቱን አይታ ስትመለስ፣ ገርበብ ባለው የመኝታ ቤት በር ልጅቷን አየቻት። አልጋ ላይ ተቀምጣ፣ ፀጉሯ ተሠርቶ፣ የበዓል ቀሚስ ለብሳ ብቻዋን ግድግዳ ታያለች።

«ለምንድነው እዚያ የተቀመጠችው?» አለችው።

«እንግዳ ሲመጣ ትረበሻለች ብዬ ነው፣ እህቴ።»

«እሷ ናት የምትረበሸው ወይስ አንተ?»

ከፈለ መሬት መሬቱን አየ።

«ስማኝ ወንድሜ፤ እኔ የመጣሁት ለሷ ነው። እንግዳዋ እኔ ነኝ፣ የቤቱ ሰው እሷ ናት። የቤቱን ሰው ደብቀህ ነው እንግዳ የምታስተናግደው?»

ሔቨንን አቅፎ አወጣት። ልጅቷ ሰላም ከማለቷ በፊት ዓይኗ ደወሉ ላይ አረፈ። «ዶርፍ ኢኽ? አንዴ ብቻ ልምታው?» አለች፣ ግማሹን በጀርመንኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። በቀለች እጇን ወስዳ ደወሉ ላይ አደረገችላት። አንዴ ብቻ የተባለው ጎረቤት ግድግዳ እስኪደበድብ ድረስ ቀጠለ። ዛሬ ሔቨን የራሷ ወንበርና የራሷ ደወል አላት፣ ሰፈሯ ካለው ትምህርት ቤት ከእኩዮቿ ጋር ትማራለች። ከፈለም ቅዳሜ ቅዳሜ እሷን ይዞ አፎልተርን ብቅ ይላል። በቀለች የሠራችውን ሁሉ እየበላች የምትተቸው ሔቨን ናት፤ እኔን እንኳ «ጨው ረሳሽ» ብላኛለች።

ታዲያ ባለፈው ሰኔ በቀለች አባቷ ሊጠይቋት እንደሚመጡ ለከፈለ ስታበስረው፣ ያ ዝምተኛ ሰው አንድ ነገር ጠየቃት። «እሰይ! አባትሽ የእግርሽን ነገር ያውቃሉ አይደል?» አላት። እሷም ወሬውን ወደ ሔቨን ትምህርት ቤት መለሰችው። ማታ ስልክ ደውላልኝ «ያ ከፈለ ሲናገር አይጣል ነው» አለችኝ። የት እንደነካት ገባኝ። አባቷ አያውቁም።

አቶ ወዳጄ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ጡረተኛ። በቀለች ሆስፒታል የገባች ጊዜ እናቷ ገና መሞታቸው ነበር። ወንድሟ ደጀኔ «አሁን አትንገሪው፤ ሐዘን ላይ ሐዘን አይሆንም፣ ትንሽ ይርሳ» አላት። ትንሹ ጊዜ አለፈ። ከዚያ ፋሲካ ይለፍ ተባለ። ከዚያ የአባባ ደም ግፊት ተነሳ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት ነጎዱ። «ለምን መጥተሽ አትጠይቂኝም?» ሲሏት ሥራ ታመካኛለች። ፎቶዎቹን የማነሳት እኔ ነበርኩ፣ ከደረቷ በላይ። አንድ ጊዜ አባቷ ፎቶውን አይተው «ይቺ ልጅ ሁልጊዜ ተቀምጣ ነው እንዴ የምትውለው? ሥራ የላትም?» አሉ ተብሎ እስኪያመን ድረስ ሳቅን። በኋላ እሷ ማልቀስ ጀመረች።

አቶ ወዳጄ በስልክ ሲያወሩ መሰናበቻቸው አንድ ነው፤ «እግርሽን ብርድ እንዳያገኘው፣ ካልሲ ደርቢ።» ብርድን የሚያውቁ ሰው ናቸው። እሷም «እሺ አባባ፣ ደርቤያለሁ» ትላለች። ደግሞም ትደርባለች። በጋ የለ ክረምት የለ፣ በዚያ በማይሰማት እግሯ ላይ ሁለት ካልሲ አለ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «አንዱ ነገር እንኳ እውነት ይሁን ብዬ» አለችኝ።

የሚመጡበት ቀን ሲደርስ፣ አውሮፕላናቸው የሚያርፈው ጄኔቭ ስለሆነ፣ ከዙሪክ በባቡር መጣችና ኤርፖርቱ በር ላይ ተገናኘን። ዕቅድ አላት። ካፌው ውስጥ ተራ ወንበር ላይ ትዛወራለች፣ የራሷን ወንበር እኔ ከዓምድ ጀርባ እደብቃለሁ፣ አባቷን ተቀብዬ አመጣለሁ። ተቀምጣ ይስሟታል፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ከዚያ ቀስ ብላ ትነግራቸዋለች።

እኔ ደሜ ፈላ። «ሔቨንን ከመኝታ ቤት አውጥተሽ አንቺ ጠረጴዛ ሥር ልትገቢ ነው?» አልኳት።

መልስ የማታጣዋ ሴትዮ ድምፅዋ ቀጠነ። «እባክሽ ሕብስት። መጀመሪያ ሲያየኝ የሚሆነውን ፊቱን ነው የምፈራው። ሌላ ሰው ምስኪን ቢለኝ ደወሌን አቃጭልበታለሁ። አባባ ካለኝ ግን ምን አደርጋለሁ?»

ወደ ካፌው አመራን።

ያላወቅነው ነገር ደጀኔ የሠራውን ነው። የኛ ሰው ሽማግሌ አባቱን ብቻቸውን ሲያሳፍር ተሽከርካሪ ወንበር ያስመዘግብላቸዋል፤ መራመድ አቅቷቸው ሳይሆን ቋንቋ ስለማያውቁ ነው። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አይጠፋም፣ የሚገፋው ሠራተኛ እስከ ተቀባዮቹ ድረስ ያደርሰዋል። በየቀኑ ንጋት ላይ ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ደርሰው የሚመለሱት አቶ ወዳጄ ቦሌ ላይ «እኔ ሽባ ነኝ?» ብለው ተቆጡ አሉ። ደጀኔም «አባባ፣ ሕጉ ነው። ለውጭ አገር መንገደኛ ሁሉ እንዲህ ነው» ብሎ አሳመናቸው።

እንደዚህ ዓይነት መንገደኞች የፓስፖርት ሰልፍ ሳይጠብቁ ቀድመው ነው የሚወጡት። እኛ ካፌው ጋ ሳንደርስ የሊፍቱ በር ተከፈተና አንድ ወጣት ሠራተኛ አንድ ሽማግሌ እየገፋ ፊት ለፊታችን ወጣ። ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ፣ ፌስታላቸው ባርኔጣቸው ላይ፣ ቀጥ ብለው የተቀመጡ ሰውዬ።

«በቀሉ!» ብለው ጮኹ።

በቀለች የጎማውን ክብ ያዘችና ቀረች። ወደ ኋላ ልትሄድ ነው ወይስ ወደ ፊት፣ እኔ እንጃ።

አቶ ወዳጄ ልጃቸውን አዩ፣ የተቀመጠችበትን አዩ፣ ከዚያ ራሳቸው የተቀመጡበትን አዩና ሳቃቸው ፈነዳ። «ኧረ አንቺንም አስቀመጡሽ? ሕጉ ለተቀባይም ነው እንዴ?»

እሷም ሳቀች። ሳቅ ሆኖ ጀመረ፣ መሃል ላይ ተሰበረ።

እሳቸው ግን ፌስታሉን ለኔ አቀብለውኝ እንደ ጎረምሳ ብድግ አሉ። እጃቸውን ዘረጉ። «በይ ተነሺ፣ ደርሰናል እኮ! ልሳምሽ።»

ሰው በግራ በቀኝ ሻንጣ እየጎተተ ያልፋል። እጃቸው እንደተዘረጋ ነው።

«አባባ» አለች። «እኔ አልነሳም። ይሄ ወንበር የኤርፖርቱ አይደለም፤ የኔ ነው።»

«ምን ሆነሽ?»

«እማዬ ከሞተች ጊዜ ጀምሮ ነው። አመመኝና እግሬ ቀረ። ካልሲ ደርቢ ስትለኝ ሁሉ እዚህ ላይ ነበርኩ።»

ያን የፈራችውን ፊት አየችው። እኔም አየሁት። ሲሸበሸብ፣ ሲያረጅ፤ አላየሁም ብል ውሸት ነው። ምስኪን ግን አላሉም። በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«እኔ እንግዳ ሆንኩብሽ?» አሉ።

በቀለች ያንን ስትሰማ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ብቻ ነው የሚታየኝ። እኔም የሰው ፌስታል አቅፌ እዬዬ አልኩ፣ ምን አፍራለሁ።

ወጣቱ ሠራተኛ ሥራው ያለቀ መስሎት ባዶውን ወንበር ወደ ኋላ ሊስብ ጀመረ። አቶ ወዳጄ ዞር ብለው ክንዱን ለቀም አደረጉት። «ቆይ፣ ልጄ» አሉት በአማርኛ፣ «እሷ ካልተነሳች እኔን ምን ያስነሳኛል?» ተመልሰውም ተቀመጡ። በእጃቸው ወደ እሷ እያሳዩት «ግፋ፣ ግፋ» አሉ። ልጁ አማርኛ ከየት ያውቃል፣ ግን ገባው። ጉልበታቸው ከጉልበቷ እስኪነካ ድረስ አስጠጋቸው።

እጇን ከፊቷ ላይ አንስተው ጉንጯን ሳሟት፣ ትከሻዋን ሳሟት፣ እጇን ሳሙት፣ እንደገና ጉንጯን። ከዚያ በዝግታ ጎንበስ አሉ። ጫማዋ ላይ ሊወድቁ መስሎኝ ልይዛቸው እጄን ዘረጋሁ። ለካ የሱሪዋን ጫፍ ከፍ ሊያደርጉ ነው። ጣታቸውን ቁርጭምጭሚቷ ላይ አሳርፈው የላይኛውን ካልሲ ዳበሱ፣ አንገቱን ገለጥ አድርገው የታችኛውን ዳበሱ። በሰኔ ሙቀት ሁለቱም አሉ።

ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«እሱንስ አልዋሸሽኝም» አሉ።