ድንኳኑን ያልጫነው ፒክአፕ

ፒክአፑን የገዛነው ባለቤቴ ከመሥሪያ ቤት ሾፌርነቱ በጡረታ የወጣ ጊዜ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ የራሱን መሪ የጨበጠው ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ነበር። ለፒያሳ ኬክ ቤቶች ዱቄት፣ ስኳርና እንቁላል ያመላልሳል። ቤታችን የምንበላው፣ አምስት ኪሎ የምትማረው የመጨረሻ ልጃችን የምትማርበት፣ ሁሉም ከዚያ መኪና ነበር የሚመጣው። ሻጮቹ የሰጡን ዋስትና እስካለ ድረስ አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረንም። ዋስትናው ካለቀ በኋላ ግን ካምቢዮው ያስቸግረው ጀመር።

እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ስለ መኪና አላውቅም። ባለቤቴ አጠገብ ስቀመጥ ግን የሆነ ነገር እንዳለ ይሰማኝ ነበር። ማርሽ አስገብቶ ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን ቆሞ ያስባል። ከዚያ ከኋላው እንደተገፋ ሰው ድንገት ወደፊት ይዘላል። የተቃጠለ ዘይት ይሸተኛል። «ሸተተኝ» ስለው «አንቺን የማይሸትሽ ምን አለ?» ይለኛል። እውነቱን ነው። እኔ ልጄ አምሽታ ከመጣች ደም ግፊቴ የሚነሳ፣ ሰማዩ ሲጠቁር ልብስ የማስገባ ሰው ነኝ። ይህን ግን አጥብቄ ያዝኩና ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ወዳለ ጋራዥ አስወሰድኩት።

መካኒኩ የአራዳ ልጅ ነው፤ ሸምግሎም አፉ አላረጀም። ዘይቱን በጣቱ ነክቶ አሸተተና ወደ እኔ ዞረ።

«እማማ፣ ይኼ መኪና ከዛሬ ጀምሮ ፆመኛ ነው። ከባድ ነገር እንዳታስቀምሱት።»

«ፆሙን የሚፈታው መቼ ነው?» አለ ባለቤቴ።

«ዕቃው ከውጭ ሲመጣ። እስከዚያ እንቁላል ይበቃዋል።»

«እንቁላልማ የፍስክ ነው» ስለው ሁለቱም ሳቁ። እኔ ግን የመጣሁት ለመሳቅ አልነበረም። ከባድ ጭነት ከተጫነበት ካምቢዮው ጨርሶ እንደሚበላሽ፣ ከተበላሸ ደግሞ እኛ የምንችለው ወጪ እንዳልሆነ መካኒኩን ደጋግሜ አስነገርኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ ዱቄቱን ለሌላ ሰው ለቆ እንቁላል ብቻ ማመላለስ ያዘ። የመኪናው ቁልፍም ግድግዳው ላይ ከሚሰቀልበት ሚስማር ወርዶ እኔ ጋ ገባ። «የቤቱ ትራፊክ ፖሊስ» ይለኝ ጀመር።

መኪናው ግን የኬክ ቤቶቹ ብቻ አልነበረም፤ የእድራችንም ነበር። ሰው ሲሞት ድንኳኑን፣ የብረት ቋሚዎቹን፣ አግዳሚ ወንበሮቹንና ትልልቅ ድስቶቹን ከእድሩ ዕቃ ቤት ለቅሶው ቤት የሚያደርሰው ባለቤቴ ነው። ይህን ሥራ ማንም አልሰጠውም። አንድ ቀን ጫነ፣ ሌላ ቀን ጫነ፣ ከዚያ የሱ ሆነ። ሰፈራችን ለአዲስ መንገድ ሥራ ሲነሳ ግማሻችን ቀረን፣ ግማሻችን ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰው። ያኔ የእድሩ ዳኛ ስብሰባ ጠርተው «ተለያይተን እንኖራለን እንጂ ተለያይተን አንቀበርም» አሉ። ሁላችንም እጅ አወጣን። ስለዚህ ፒክአፑ ድንኳኑን ይዞ ሩቅ ሩቅ ይሄድ ጀመር። ካምቢዮውን የጎዳው ይኼ መሆን አለመሆኑን አላውቅም። መካኒኩም አላለም።

ከተነሡት መሀል ከእኔ ጋር ግድግዳ የምትጋራ ጎረቤቴ ነበረች። ጨው ሲያልቅብኝ ግድግዳውን በማማሰያ እመታለሁ፤ ጨው ይዛ ትመጣለች። እንዴት እንደምታውቅ አላውቅም፤ ለበርበሬ ስመታ በርበሬ ነበር ይዛ የምትመጣው። የመጨረሻ ልጄን ወልጄ ታምሜ ስተኛ የራሷን ሴት ልጅ በአንድ ጡቷ፣ የእኔን በሌላው ያጠባች እሷ ናት። የእነሱ ቤት በመንገዱ በኩል ስለነበር ሲፈርስ የጋራ ግድግዳችን ለእኛ የውጭ ግድግዳ ሆኖ ቀረ። በስልክ እንገናኛለን፣ በበዓል እንጠያየቃለን። ከዚያ ታመመች። ሁለቴ ሄጄ ጠየቅኋት። ሦስተኛውን ነገ ዛሬ ስል ቀረ።

መሞቷን የሰማነው ማለዳ በስልክ ነው። ጮኼ አለቀስኩ። ልጄ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ባለቤቴ ፊቱን ታጠበ፣ ኮቱን ለበሰ፣ ሚስማሩን ዳበሰና ባዶ መሆኑን ሲያስታውስ እጁን ዘረጋልኝ።

«ቁልፉን አምጪ።»

«የት ልትሄድ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ የት ይመስልሻል? ዕቃ ቤት ነዋ።»

«መካኒኩ ያለውን ሰምተሃል። ያን ሁሉ ብረት ጭነህ ያን ዳገት ልትወጣ ነው?»

«ቀስ ብዬ እወጣዋለሁ።»

«ቀስ ብትልም ብረቱ ብረት ነው።»

እንባዬ ሳይደርቅ ነው ይህን የምለው። ልቤ አልቅሷል፣ አእምሮዬ ግን ካምቢዮው ላይ ነበር። መኪናው ከቆመ ልጄ ትምህርቷን በመካከል ልታቆም ነው፤ የታየኝ እሱ ብቻ ነው።

ልጄ ከተቀመጠችበት ቀና አለች። «እማ፣ ለእኔ ብለሽ ከሆነ ተይ። ስጪው። ያጠባችኝ ሴት ናት።»

«እሷም ብትሆን እንድትማሪ ነው የምትፈልገው» አልኳት። የሞተ ሰው አይመልስም፤ በእሱ አፍ መናገር ቀላል ነው።

በዚህ መሀል የእድሩ ዳኛ ደወሉ። ባለቤቴ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ።

«እህቴ፣ ልጆቹ ዕቃ ቤት በር ላይ ቆመው እየጠበቁ ነው።»

«ጋሼ፣ መኪናው ጭነት አይችልም። ሌላ መኪና ይከራዩልን፤ ኪራዩን እኛ እንችላለን።»

ሌላ ጊዜ ነገር የማያሳጥሩት ሰውዬ «እንዳልሽ» ብለው ዘጉት።

የተገኘው መኪና ትልቅ የጭነት መኪና ነው። ትልቅ በመሆኑ እኔ ደስ አለኝ፤ ድንኳኑ አንዴ ተጭኖ ይደርሳል አልኩ። እንዲህ ያለ መኪና በዚያ ሰዓት መሀል ከተማ ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ መከልከሉን እኔም፣ ዳኛውም፣ ዕድሜውን ሙሉ የነዳው ባለቤቴም አላሰብነውም። ፒክአፑን ለምደን ነው፤ እሱን ማንም አያስቆመውም ነበር። የጭነት መኪናው ገና ከፒያሳ ሳይወጣ ዳር እንዲይዝ ተደረገና ሰዓቱ እስኪያልፍ ድንኳናችንን እንደተሸከመ ቆሞ ዋለ።

እኛ በእድሩ አውቶቡስ ሄደን ቀበርናት። ከቀብር ስንመለስ ኮንዶሚኒየሙ ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ባዶ ነበር። ሰው ሁሉ እጁን ታጥቦ የት እንደሚቀመጥ ያያል። ፀሐዩ አናት ላይ ነው። አሮጊቶች ነጠላቸውን አጥፈው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ንፍሮው ለቆመ ሰው በእፍኝ ተሰጠ። የጎረቤቴ ልጅ፣ ከልጄ ጋር አንድ ጡት የተጋራችው፣ የሕንፃው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ለቅሶው የማይመለከታቸው የላይ ፎቅ ሰዎች የገበያ ፌስታላቸውን ይዘው «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያሉ በእሷ አጠገብ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። በወጡና በወረዱ ቁጥር እግሯን ትሰበስባለች።

አንዲት የሰፈራችን ሴት «የአራዳ እድር ድንኳን የለውም እንዴ ዘንድሮ?» አለች። እንዲሰማ ነው ያለችው።

ባለቤቴ ከወንዶቹ መሀል ተነሣ። «የእኔ ጥፋት ነው» አለ ጮክ ብሎ። «መኪናዬ ተሰብሮ ጋራዥ ገብቶብኝ ነው።»

ዳኛው መሬት መሬት አዩ። ልጄ እኔን አየችኝ። ባለቤቴ ወደ እኔ አልዞረም። ፒክአፑ በዚያን ሰዓት በራችን ላይ፣ ንፁህ ሆኖ ቆሞ ነበር። ድንኳኑ የደረሰው ፀሐዩ ሲያዘቀዝቅ፣ ሩቅ የሚሄደው ሰው ከተበተነ በኋላ ነው።

በማግሥቱ ባለቤቴ ቁልፉን ጠይቆኝ ሰጠሁት። መኪናውን ወስዶ ጋራዡ ግቢ አቆመው።

«ምኑን ልሥራልህ?» አለ መካኒኩ፤ እኔም አብሬ ነበርኩ።

«ምንም። ዝም ብለህ አቁምልኝ። ተሰብሯል ብያለሁ።»

«የቆመ መኪና ላይ አታሟርት ጋሼ! ይሰማል እኮ።»

ለሥልስቱ በታክሲ ሄድን። የእንቁላሉን ሥራም ለጥቂት ቀን ለሰው ሰጠው። ስለዚያ ቀን ግን ቤት ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ቢቆጣኝ፣ ሳህን ቢወረውር ይሻለኝ ነበር። «ሻይ አለ?» ይላል፤ «አለ» እላለሁ፤ ይጠጣል።

መኪናውን ከጋራዡ ያወጣ ቀን የሚጫን ነገር አልነበረም። ከፒያሳ ወደ ታች ለጉዳይ ሄጄ የነበርኩትን እኔን ሊወስድ ነው የመጣው። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የሚወስደውን ዳገት ስንጀምር ሞተሩ ጮኸ። መኪናው ቆመ። ባለቤቴ ነዳጅ ሰጠው፤ ጮኸ፣ አልሄደም። ከዚያ ከእግራችን ሥር እንደ ድስት ክዳን ያለ ነገር ተንኳኳና ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን። ፍሬኑን ረግጦ ያዘው። ከኋላችን ያሉት ክላክስ ለቀቁብን። ወደ ኋላ ዞሬ የመጫኛውን ወለል አየሁት። ባዶ ነበር። አንድ እንቁላል እንኳ አልነበረም።

«አሟረትኩበት» አለ ባለቤቴ። መሪው ላይ እጁን እንዳደረገ ሳቀ። ከለቅሶው ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቁ ነው፤ ባልሰማሁት።

መካኒኩ ካምቢዮውን አውርዶ ከፈተውና አሳየን። የተፈጨ ብረት ዘይቱ ውስጥ እንደ አሸዋ ያብለጨልጫል። ሙሉውን መቀየር ነው አለ። ዋጋውን ሲናገር ባለቤቴ መልሶ አልጠየቀውም። ዋስትናው ቢኖር ብሎ የጀመረውን ነገርም ሳይጨርሰው ተወው።

እሱ እጁን ሊታጠብ ሲሄድ ቀረት ብዬ መካኒኩን ጠየቅሁት።

«የኔ ወንድም፣ እውነቱን ንገረኝ። ያን ቀን ድንኳኑን ጭኖ ቢሄድ ኖሮ?»

«የቱን ቀን?»

«የለቅሶውን።»

እጁን በጨርቅ ጠረገ። ቀልድ የሚፈልግ መሰለኝ፤ አላገኘም።

«አንድ መንገድ ይችል ነበር እማማ። መድረሱን ይደርስ ነበር። መመለሱን ነው የማላውቀው።»

ያ ነገር ከሆዴ አልወጣም። ዕቃ ለማድረስ እንጂ ለመመለስ ማን ይቸኩላል? ድንኳኑ ሲነሳ በኪራይ መኪና፣ በቀስታ ይመለስ ነበር። መኪናችንም እዚያው ሜዳ ላይ ተሰብሮ ቢቀር ሰው ሁሉ ተረባርቦ ይገፋው ነበር። ጎረቤቴን ለመሸኘት ተሰበረ ይባል ነበር። መሰበሩ ላይቀር ድንኳኗን ተሸክሞ በተሰበረ። እኔ ያተረፍኩለት ጥቂት ቀን ነው፤ እሱንም ጋራዥ ግቢ ውስጥ ቆሞ ነው ያሳለፈው።

ፒክአፑን እንደተሰበረ ሸጥነው። በገመድ ጎትተው ወሰዱት። ባለቤቴ ጡረታውን ትቶ እንደገና የሰው መኪና መንዳት ጀመረ። ልጄ ትምህርቷን አላቆመችም፤ አባቷ ያንን አልፈቀደም። ጠዋት ጠዋት ወገቡን ይዞ ሲነሳ አየዋለሁ።

የጎረቤቴ አርባ የወጣ ዕለት እኔና ባለቤቴ በታክሲ ሄድን። ድንኳኑ በጊዜ ደርሶ ተተክሏል። ሰው በልቶ ግርግሩ ሲቀዘቅዝ የጎረቤቴ ልጅ እጄን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ወሰደችኝ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልልሽ ነው፤ እንዳትቆጪኝ።»

«በይ፣ የኔ ልጅ።»

«ከወንድሞቼ ጋር ተነጋግረን ነበር። የመኪናችሁ ነገር ከባድ ነው አሉን። ካምቢዮውን ስታሠሩ እኛም እንግባበት ብለናል። ያን ቀን ጋሼ እንዴት እንዳፈሩ አየኋቸው፣ አንጀቴን በሉት። ስብራት እኮ በማንም ይደርሳል። እማዬ ብትኖር ዝም አትልም ነበር።»

አፌን ከፈትኩ። ሁሉንም ልነግራት ነበር፤ ቁልፉን፣ ስልኩን፣ በር ላይ የቆመውን ንፁህ መኪና። ደረጃው ላይ እግሯን ስትሰበስብ የነበረችው ልጅ ናት እኮ ፊቴ የቆመችው።

«ሸጥነው» አልኳት።

አቅፋኝ አለቀሰች። «በቃ እትዬ፣ ጦሳችሁን ይዞ ይሂድ» አለችኝ።

እንዲህ ሲባል አሜን ይባላል። አሜን አልኩ።

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ባለቤቴ በመስኮት እያየ «ልጅቷ ምን ፈልጋ ነው?» አለኝ።

«ስለ መኪናው ጠይቃኝ ነው።»

«ምን አልሻት?»

«መሸጡን ነገርኳት።»

ራሱን ነቀነቀ። ሌላ አልጠየቀኝም። እንዲጠይቀኝ እፈልግ ነበር።