አምስት ሰው የሚይዝ ሮቦት

የአንድ ሰው ሕይወት ተደምሮ ተቀንሶ ምን ያህል ይሆናል? ከቡሌ ወደ ዲላ በምትወርደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ ጣቶቹ በማጣበቂያ ደራርቀዋል፤ ኮቱ ከትከሻው ሰፍቷል። ከቆርቆሮ የተሠራ ሮቦት ታቅፏል።

ኬላው ላይ ፈታሹ ሮቦቱን ነጠቀው።

«አባት፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ፎቅ የሚያክል ተዋጊ ነው፤ ለጠረጴዛ ጨዋታ አሳንሼ ሠራሁት። የጨዋታው ጦርነት ገና ከሺህ ዓመት በኋላ ነው።»

«ደረቱ ውስጥስ?»

«ነጂው፣ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር።»

«ቤተሰብ ይዞ ነው እንዴ የሚዋጋው?» አለ ፈታሹ፤ ተሳፋሪው ሳቀ።

«አንድ ጊዜ ቤት ትቷቸው ሄዶ ነበር፤ ሲመለስ አላገኛቸውም» አለ ሰውዬው። ሳቁ ቆመ።

ፈታሹ ሰንጢ አወጣ።

«ልጄ፣ እኔው ልክፈተው። የደረቱ በር በቀስታ ነው የሚከፈተው።»

ፈታሹ ሰንጢውን በሮቦቱ ደረት ሰካ፤ ከእኛም «ይክፈተው» ያለ አልነበረም።