እሞክራለሁ

ከጎንደር በወጣሁባት ማታ ባለቤቴ ስንዱ መቀሴን በፎጣ ጠቅልላ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችና «አይዞህ፣ ሱዳንም ሰው ራቁቱን አይሄድም» አለችኝ። እኛ ዘንድ በጸጥታው ችግር ሠርግ ሁሉ ቀርቶ፣ የሙሽራ ካባ የሚያሰፋ ጠፍቶ፣ ሱቄን ዘግቼ ነበር። በሃምሳ ዓመቴ ጀማሪ ልሆን መተማን ተሻገርኩ፤ ይብላኝ ለኔ!

ከድንበሩ ማዶ ገላባት ላይ ፈታሹ ወታደር መቀሱን አነሳና በተሰባበረ አማርኛ «በዚህ ዕድሜህ ሥራ ፍለጋ?» አለኝ።

«መቀሱ ገና ጎረምሳ ነው» አልኩት። ስቆ አሳለፈኝ።

ገዳሪፍ ያሉ ያገሬ ልጆች የልብስ ስፌት ቤትም የሰሊጥ መጋዘንም ያላቸው አንድ ሐጂ ዘንድ ወሰዱኝ። ሐጂ መተማ ሲነግዱ አማርኛ ለምደዋል።

«መስፋት ትችላለህ?» አሉኝ።

እንግዲህ የታወቀ ባለሙያ «አዎ፣ አንደኛ ነኝ» ይላል? ነውር አይደል! አንገቴን ሰበር አድርጌ «እሞክራለሁ» አልኩ። ጎንደር ቢሆን ይህን የሰማ ሰው ጨርቁን አምጥቶ ይሰጠኝ ነበር። ሐጂ ግን የዋህ ናቸው፣ ያልኩትን አመኑኝ። «ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ በጆንያ ጀምር» ብለው መርፌና ሲባጎ ሰጡኝ።

ይኸው የሰሊጥ ጆንያ አፍ እሰፋለሁ። የካባ ሰፊ እጅ ነውና ስፌቱ ቀጥ ይላል፤ ጆንያው ግን አያመሰግን! ኑሮዬ አንድ የጠፍር አልጋ፣ አንድ ጀለቢያ፣ አንድ ማንቆርቆሪያ ነው። ጎንደር ቁም ሳጥን ሙሉ ልብስ ነበረኝ፤ እዚህ ጠዋት ምን ልልበስ ብዬ አልጨነቅም፣ እሱስ እፎይታ ነው። ፉሉንም ሽሮ ነው ብዬ ለምጄዋለሁ። ጨርቅ መቁረጥ ግን ናፈቀኝ፣ በጣም ናፈቀኝ።

በቀደም የሐጂ ልጅ ሊያገባ ሆነና ልብስ ሰፊያቸው ታመመ። ሐጂ ጨርቁን ይዘው መጋዘን ድረስ መጡ። ቀኔ ደረሰ አልኩ! «እኔ ነኝ ባለሙያው» ማለትን ብቻዬን ስለማመድ ከርሜያለሁ።

«የሙሽራውን ጀለቢያ ትችለዋለህ?»

አፌ ይቆረጥ! «እሞክራለሁ» አልኩ።

«የልጄ ሠርግማ መሞከሪያ አይሆንም» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና ጨርቁን ይዘው ሄዱ።

ለስንዱ ደውዬ ነገርኳት። እስኪበቃት ሳቀች።

«አባቴ ልጄን ደህና አድርገህ ታኖራታለህ ወይ ሲልህም እሞክራለሁ ነበር እኮ ያልከው» አለችኝ። «እሱ ገብቶት ሰጠህ።»

እኔም ሳቅኩ። ቀጥላ «ለፋሲካ ትመጣለህ?» አለችኝ።

«እሞክራለሁ» አልኳት።

ይህንንስ ስንዱም እንደ ሐጂ ቃል በቃል ወሰደችው፤ «እንግዲህ ከቀናህ» አለችኝ።